ሲም ካርዱ በማን ስም ነው? ከጅማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምኖረው በጅማ ከተማ ነው። እናቴ በሕርማታ መርካቶ ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ፤ ፊደል አልቆጠሩም። ደንበኞች በቴሌብር እንክፈል ስለሚሉ የታናሽ ወንድሜን ስልክ ቁጥር እየሰጡ ይቀበላሉ። ልጄ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና በኮምፒዩተር ይሆናል ተብላለች፤ ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ግን ኮምፒዩተር የሚነኩት አልፎ አልፎ ነው። ማና ወረዳ ያሉት አጎቴ ደግሞ ወጣቶች መጥተው የቡና ማሳቸውን በስልክ ስለመዘገቡ ግብር ሊጨመርብኝ ነው ብለው ሰግተዋል። ቢሮ ስንሄድ ‹ሲስተም የለም› እንባላለን። ይህ ሁሉ ለእኛ ጥቅም አለው ወይስ ዝም ብለን እየተጎተትን ነው? ቤተሰባችን ከየት ይጀምር?»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ ያነሷቸው ጉዳዮች የተለያዩ ቢመስሉም፣ በጅማና በአካባቢዋ በእነዚህ ሥርዓቶች ዝርጋታና በሠራተኞች ሥልጠና ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ካየሁት ተነሥቼ ስመለከታቸው ሁሉም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። ቀድሞ የጸሐፊው፣ የገንዘብ ተቀባዩና የመዝገብ ቤት ሠራተኛው የነበረው ሥራ አሁን ወደ ባለጉዳዩ ቤት ገብቷል። ቅጹን የሚሞላው፣ ክፍያው መድረሱን የሚያረጋግጠው፣ ቁጥሩን በምስጢር የሚጠብቀው ባለጉዳዩ ራሱ ሆኗል። ቤት ውስጥ ደግሞ ይኸው ሥራ ማንበብ ለሚችለውና ጥሩ ስልክ ላለው ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜም ለወንድ ልጅ፣ ተላልፎ ይሰጣል። ስለዚህ ጥቅም አለው ወይስ የለውም ለሚለው ጥያቄዎ የምሰጠው መልስ በእናትዎ ይለካል፤ እናትዎ ገንዘባቸውን ማንንም ሳያስፈቅዱ ማየትና ማንቀሳቀስ ከቻሉ ጥቅሙ የእሳቸው ነው፣ ካልቻሉ ግን ጥቅሙ አለ ቢባልም የሌላ ሰው ነው።

ከእናትዎ ልጀምር፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ የእሳቸው ጉዳይ ነውና።

ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ሥራ ላይ ያዋለው በግንቦት 2013 ዓ.ም ነው። ኤም ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም ተከተለ፤ ባንኮችም የየራሳቸው አገልግሎት አላቸው። በቴሌብርም ሆነ በኤም ፔሳ ሒሳቡ የሚታሰረው በእጅ በያዝነው ቀፎ ወይም ገንዘቡን ደክሞ ባገኘው ሰው አይደለም፤ ሲም ካርዱ በተመዘገበበት ስም ነው። እናትዎ ከማለዳ እስከ ማታ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ሽጠው ያገኙት ገንዘብ በሕግ ፊት የታናሽ ወንድምዎ ገንዘብ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። ወንድምዎ ታማኝ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገሩ የታማኝነት አይደለም። ስልኩ ቢጠፋበት፣ ወደ ሌላ ከተማ ለሥራ ቢሄድ፣ ወይም እግዚአብሔር አያድርገውና ክፉ ነገር ቢያገኘው፣ እናትዎ የራሳቸውን ገንዘብ ለማውጣት የወራሽነት ማስረጃ ይዘው ከፍርድ ቤት ደጅ ሊቆሙ ይችላሉ።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ኪሣራ አለ። ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ በቴሌብር በኩል አነስተኛ ብድርና ቁጠባ ይሰጣል፤ «መላ» የሚባለውን ብድር የሚያገኘው ማን እንደሆነና መጠኑ ስንት እንደሚሆን የሚወሰነው በዚያ ቁጥር በተደረገው የገንዘብ እንቅስቃሴ ታሪክ ነው። ገበያ ላይ ለዓመታት ተቀምጠው በደንበኞቻቸው ያፈሩት መታመን በዲጂታል መዝገብ ውስጥ ቦታ ሊያገኝ የሚችለው በዚህ መንገድ ሆኖ ሳለ፣ አሁን እየተከማቸ ያለው በወንድምዎ ስም ነው። ነገ ለበዓል ገበያ ዕቃ ማስገቢያ ጥቂት ሺህ ብር ቢፈልጉ ሥርዓቱ እናትዎን ጨርሶ አያውቃቸውም። ወለድ የማይፈልጉ ከሆነም ከወለድ ነፃ የሆነ አማራጭ ስለመኖሩ መጠየቅ የሚችሉት በራሳቸው ስም ሒሳብ ሲኖራቸው ነው።

«ፊደል አልቆጠሩም» ብለዋል። ይህ እንቅፋት መሆኑ እውነት ቢሆንም ሰዎች የሚያስቡትን ያህል አይደለም። ነጋዴ ቁጥር ያውቃል፤ የሚዛን ጥርስና የብር ኖት የሚለይ ሰው በስልክ መስኮት ላይ 450 እና 4,500ን ለመለየት አይቸገርም። ስማርት ስልክም ግድ አይደለም። ኮከብ 127 መሰላል ተብሎ የሚደወለው አገልግሎት የሚሠራው ያለ ኢንተርኔት፣ ስልኩ ከማማው ጋር ጥሪ ለመመሥረት በሚጠቀምበት በዚያው መስመር ነው፤ ስለዚህ በተራ ባለ ቁልፍ ስልክና የኢንተርኔት መስመር በተዳከመበት ቀን ጭምር ይሠራል። የምርጫውን ዝርዝር በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ ማድረግ ይቻላል። የእኔ ምክር እናትዎ ሁሉንም እንዲለምዱ ሳይሆን ሁለት ነገር ብቻ በሚገባ እንዲይዙ ነው፤ አንደኛው የቀሪ ሒሳባቸውን ራሳቸው ማየት፣ ሁለተኛው የምስጢር ቁጥራቸውን ራሳቸው መርጠው ለማንም፣ ለእርስዎም ቢሆን፣ አለመንገር። ገንዘብ መላኩን ልጅ ሊያግዛቸው ይችላል፤ የምስጢር ቁጥሩን ግን በገዛ ጣታቸው ይጫኑት።

ቀሪ ሒሳብን ራስ ማየት ያን ያህል አስፈላጊ የሆነው በገበያ ውስጥ በብዛት የሚደርሰው ማታለል በዚያ ክፍተት ስለሚገባ ነው። ገዥው ከፍያለሁ ብሎ የስልኩን መስኮት ያሳያል፤ ያ ምስል ግን የትናንት ወይም የተቀነባበረ ሊሆን ይችላል። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከግለሰብ ስልክ ቁጥር የመጣ መልእክት ምንም ዓይነት ጽሑፍ ቢኖረው ክፍያ አይደለም። «በስሕተት ገንዘብ ገብቶብዎታልና መልሱልኝ» ብሎ የሚያጣድፍ ደዋይ ሲመጣም መልሶ መላክ አይገባም፤ መጀመሪያ ሒሳቡን ማየት፣ ከዚያም ደዋዩ ራሱ በኩባንያው በኩል እንዲያስመልስ መንገር ነው። እናትዎ ዕቃውን ከማስረከባቸው በፊት የራሳቸውን ሒሳብ የሚያዩ ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ ብዙም አያስፈልጋቸውም። ስልኩ በወንድምዎ ኪስ ውስጥ ሆኖ ይህን ማድረግ እንደማይቻል ግልጽ ነው።

ፋይዳን በተመለከተም ምክሬ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው ይህ መታወቂያ የአሥር ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱን ዓይኖች ብሌንና የፊት ፎቶግራፍ ይመዘግባል፤ ምዝገባው በነፃ ነው፤ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶችም እየጠየቁት ነው። ለዓመታት በሙቀጫና በወፍጮ ወይም በቡና ለቀማ የሠራ ሰው የጣት አሻራው እየደበዘዘ ማሽኑ አላነበበውም ሊባል ይችላል፤ እናትዎ እንዲህ ቢገጥማቸው ተስፋ ቆርጠው አይመለሱ፤ ከአሻራ ሌላ የዓይን ብሌን የሚመዘገብበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዋናው ጥንቃቄ በምዝገባው ጊዜ የሚሰጠው ስልክ ቁጥር ነው። የፋይዳ ቁጥሩ የሚላከውም ሆነ ማንነትን ለማረጋገጥ የሚያገለግለው የአንድ ጊዜ ቁጥር የሚደርሰው በዚያ ስልክ ላይ ነው። እናትዎ ቀደም ሲል በወንድምዎ ቁጥር ተመዝግበው ከሆነ፣ የማረጋገጫ ቁጥር በተጠየቁ ቁጥር ወንድምዎን መፈለግ ግድ ይሆንባቸዋል። ይህን በምዝገባ ጣቢያ ማስተካከል ይቻላል። ሌላው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ መቻሉ ነው፤ መታወቂያና ገንዘብ የታሰረበትን ቁጥር መሳቢያ ውስጥ ጥሎ መርሳት ቤትን ከፍቶ እንደመተው ነው።

«ሲስተም የለም» ስለሚባለው ነገር አጠር አድርጌ ልናገር። አብዛኛውን ጊዜ መረጃው የሚቀመጠው ቢሮው ውስጥ ካለው ኮምፒዩተር ሳይሆን በሌላ ከተማ ካለ ማእከል ነው፤ መብራት ሲጠፋ፣ የፋይበር መስመር ሲቆረጥ፣ ወይም ማእከሉ ሲጨናነቅ ከፊት ለፊት የተቀመጠው ሠራተኛ እጁ ይታሰራል። በአንድ መሥሪያ ቤት አንድ አዛውንት ለአንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ከገጠር ሲመላለሱ አይቻለሁ፤ የሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ የወረቀት መዝገብ ነበር፣ ነገር ግን ከእንግዲህ በወረቀት እንዳይጽፍ ታዟል። በዚህ ውስጥ የእኔም ድርሻ አለበት፤ ለዓመታት ሠራተኞችን ሳሠለጥን የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫኑ አስተማርኩ እንጂ መስመሩ በተቋረጠ ቀን ባለጉዳዩን እንዴት እንደሚሸኙት አላስተማርኩም። ዛሬ በማንኛውም ሥልጠና የምጀምረው ከዚያ ነው። መስመር ሲቋረጥ ስምና ጉዳይ በወረቀት ተመዝግቦ፣ መስመሩ ሲመለስ ሠራተኛው ራሱ አስገብቶ ባለጉዳዩን ሊጠራው ይገባል። እርስዎም ስትመለሱ ተራችሁ እንዲጠበቅ የመጣችሁበት ቀን እንዲጻፍላችሁ የመጠየቅ መብት እንዳላችሁ አይዘንጉ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው መሶብ የተባለው የአንድ ማእከል አገልግሎት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን ጉዳይ በአንድ አዳራሽ ማሰባሰቡ መልካም ነው፤ የሚመዘነው ግን መስመር በተቋረጠበት ቀን በሚሰጠው አገልግሎት ነው።

ወደ ልጅዎ ልምጣ። በእኛ አገር ትምህርት ቤት ውስጥ ቴክኖሎጂ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1997 ዓ.ም ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዘረጋውን ፕላዝማ እርስዎም የሚያስታውሱት ይመስለኛል። በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት ለመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት ይተላለፍ ነበር፤ መምህሩ መግቢያና ማጠቃለያ የሚናገርበት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተሰጥቶት በቀረው ጊዜ ከተማሪው ጋር ቆሞ ያይ ነበር። ትምህርቱን ማቆም ወይም ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ መብራት ከጠፋ የዚያን ቀን ምዕራፍ አልፎ ሄዷል። በሙያችን ያገኘነው ትልቁ ትምህርት ይህ ይመስለኛል፤ መሣሪያው ውድና ዘመናዊ ሆኖ ሳለ የከሸፈው የመምህሩን ፍርድ ከክፍሉ ስላስወጣው ነው። ዛሬ ስልክ ላይ ያለ የቪዲዮ ትምህርት ቢያንስ ይቆማል፣ ይመለሳል፤ ልጅዎ ያልገባትን ክፍል አምስት ጊዜ ልታየው ትችላለች። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ትምህርቱን ከአሠራጩ እጅ ወደ ተማሪዋ እጅ ያመጣው ይህ ነው።

ስለ ፈተናው፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በኮምፒዩተር ይሰጣል፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም በ2016 ዓ.ም ለተወሰኑ ተፈታኞች በበይነ መረብ ተጀምሮ እየሰፋ ነው። ወላጆች ኮምፒዩተሩን አብዝተው ሲፈሩት አያለሁ። በ2015 ዓ.ም ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ያ ፈተና ደግሞ በወረቀት የተሰጠ ነበር። ስለዚህ ለልጅዎ ዋናው ነገር አሁንም መጽሐፉ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚጠይቀው ነገር ቢኖር ማውስ አይቶ ሳይሆን ለምዶ ማንቀሳቀስን፣ ያለፉትን ጥያቄ ምልክት አድርጎ መመለስን፣ ከመስኮቱ ጥግ የሚቆጥረውን ሰዓት ሳይደናገጡ መከታተልን፣ ረጅም የእንግሊዝኛ ምንባብ እየተሳበ ሲነበብ መስመር አለመሳትን ነው። ይህ በጥቂት ቅዳሜዎች ልምምድ የሚያዝ ነገር ነው፤ ነገር ግን ያ ልምምድ ከፈተናው በፊት የግድ መኖር አለበት፤ በፈተናው ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ማውስ የያዘች ልጅ የምታጣው ዕውቀት ሳይሆን ደቂቃ ነው፣ ደቂቃ ደግሞ ነጥብ ነው።

ለዚህ ጅማ ከሌሎች ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት። በ1992 ዓ.ም የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው የተመሠረተው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቀው ማኅበረሰብ ተኮር በሆነ የትምህርት ፍልስፍናው ነው፤ ተማሪዎቹ ወደየቀበሌውና ወደየገጠሩ ወጥተው ከሕዝብ ጋር እየሠሩ ይማራሉ። የወላጆች ኮሚቴና ርእሰ መምህሩ ተነጋግረው ቅዳሜ ቅዳሜ የኮምፒዩተር ክፍል እንዲከፈትላቸውና የከፍተኛ ዓመት ተማሪዎች እንዲያለማምዷቸው በደብዳቤ ቢጠይቁ፣ ያቀረቡት ጥያቄ ከዩኒቨርሲቲው ባህርይ ጋር የሚሄድ ነው። ጠይቆ መከልከል ይቻላል፤ ሳይጠይቁ መቅረት ግን ለልጆቹ አያዋጣም።

ልጅዎ ምናልባት ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በስልኳ መጠቀም ጀምራ ይሆናል። መከልከሉ አይሠራም፤ ሥርዓት ማበጀቱ ግን ይሠራል። መጀመሪያ ጥያቄውን በደብተሯ ሞክራ፣ ከዚያ የሠራችውን አስገብታ የት እንደተሳሳተች ትጠይቀው። ገና ሳትሞክር መልሱን የምትቀበል ከሆነ ግን ቴክኖሎጂው በፕላዝማ ፊት ቆሞ ያይ የነበረውን መምህር ቦታ ለእሷ እየሰጣት ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች የተማሩበት የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው እጅግ ያነሰ ስለሆነ በእኛ ቋንቋዎች ሲጠየቁ የበለጠ እንደሚሳሳቱ፣ ሲሳሳቱም በሙሉ ልብ እንደሚናገሩ ትወቅ።

የአጎትዎ ስጋት ግልጽ መልስ ይገባዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የተመረተ መሆን የለበትም፤ ይህን ለማረጋገጥ እያንዳንዱ ማሳ የሚገኝበት ቦታ በካርታ ነጥብ መመዝገብ አለበት። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ለሚበልጥ ግን ዙሪያው በሙሉ ይለካል። የደንቡ መፈጸሚያ ጊዜ በተደጋጋሚ ቢራዘምም፣ ነጋዴዎች፣ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና መሥሪያ ቤቶች ምዝገባውን ማካሄድ ከጀመሩ ቆይተዋል። ስለዚህ ወጣቶቹ የመጡት ለዚህ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ዓላማውም የግብር ሳይሆን የገበያ ነው። ያልተመዘገበ ማሳ ቡና አውሮፓ ለሚልክ ነጋዴ ለመሸጥ ሊቸገር ስለሚችል አጎትዎ መዝገቡን መሸሻቸው አይጠቅማቸውም።

ሆኖም «ሊሆን ይችላል» ማለት በቂ አይደለም፤ አጎትዎ መጠየቅ ይገባቸው ነበር፣ አሁንም ይችላሉ። ከስማቸው ጋር የተያያዘ የማሳ ቦታ የግል መረጃቸው ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ሰብሳቢው ማን እንደሆነና ለምን ዓላማ እንደሚሰበስብ ለባለ መረጃው የማሳወቅ ግዴታ ይጥልበታል፤ ባለ መረጃውም ስለ ራሱ የተያዘውን ማየትና ስሕተት ካለበት ማሳረም ይችላል። ማሳቸው የተመዘገበው በማን በኩል እንደሆነ በማኅበራቸው ወይም በግብርና ጽሕፈት ቤቱ ጠይቀው የነጥቡን ቅጂ በእጃቸው ያኑሩ። ይህ ቅጂ ሌላም ጥቅም አለው፤ ነገ ሌላ ነጋዴ የተሻለ ዋጋ ይዞ ሲመጣ መዝገባቸውን ይዘው መደራደር ይችላሉ፣ ቅጂው በነጋዴው እጅ ብቻ ከሆነ ግን ከዚያ ነጋዴ ጋር ታስረው ይቀራሉ። እዚህም ጥያቄው ከእናትዎ ሲም ካርድ ጋር አንድ መሆኑን ያስተውላሉ።

ስለ ገበሬ ሳነሣ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በ2006 ዓ.ም የተጀመረው 8028 የስልክ መስመር ገበሬው ደውሎ የግብርና ምክርን በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በትግርኛ በድምፅ እንዲያዳምጥ የተሠራ ነው። ስማርት ስልክም ሆነ ማንበብ አይጠይቅም። አዳዲስ አገልግሎቶች ሁሉ በመተግበሪያና በጽሑፍ ብቻ ሲመጡ ይህን ሥራ አስታውሳለሁ። ለእናትዎ ዓይነት ሰዎች ድምፅ ከመስኮት ይቀላል፤ አገልግሎት የሚነድፉ ባልደረቦቼ ድምፅን እንደ ትርፍ ነገር ባያዩት እወዳለሁ።

እንግዲህ ከየት እንጀምር ላሉት፦ በሚቀጥለው ሳምንት እናትዎን ይዘው ወደ ቴሌ ሱቅ ይሂዱና በራሳቸው ስም ሲም ካርድ ያውጡ፤ ተራ ባለ ቁልፍ ቀፎ ይበቃቸዋል። በዚያው ዕለት በአዲሱ ቁጥር ለፋይዳ ይመዝገቡ ወይም የቀድሞውን ቁጥር ያስለውጡ፤ ከዚያ የቴሌብር ሒሳቡን ከፍተው የምስጢር ቁጥሩን እርስዎ ፊትዎን አዙረው እሳቸው ይምረጡት። ወንድምዎ በእሱ ቁጥር የተቀመጠውን ገንዘብ ወደ አዲሱ ሒሳብ ያስተላልፍ፤ እናትዎም የገባውን በዓይናቸው አይተው ያረጋግጡ። በመደብራቸው ለደንበኛ የሚሰጡት ቁጥር ከዚያን ቀን ጀምሮ ይኸው አዲሱ ይሁን። የፈተናውን ልምምድና የአጎትዎን ቅጂ በቀጣዩ ሳምንት ሊደርሱበት ይችላሉ። ለዚህ ሥራ ግን ሐሙስን አይምረጡ፤ የሕርማታ ገበያ ቀን ስለሆነ እናትዎ ልባቸው ከመደቡ ላይ አይነሣም።